«ዘጠነኛ ክፍል አይቆጠርም» እና ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ወሬዎች

ስለ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት የማይመክር ሰው የለም። ታላቅ ይመክራል፣ ጓደኛ ይመክራል፣ ቴሌግራም ላይም ምክሩ ይዘንባል። ችግሩ፣ ብዙው ልክ አለመሆኑ ነው።

«ዘጠነኛ ክፍል ገና ነው፤ መጨረሻው ዓመት ላይ እንበረታለን»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች በአብዛኛው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ይጠይቃሉ። እሺ፣ የምታመለክቱበት ቦታ የመጨረሻውን ፈተና ብቻ ያያል እንበል። ያኔም አታመልጡም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ የሚሠራ ተማሪ አጠገብ ተቀምጣችሁ እዩ። ዴሪቬቲቩን (የለውጥ ፍጥነቱን) በትክክል ያወጣል። ቀጥሎ ውጤቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ መፈለግ አለበት። ኳድራቲክ እኩልታ ይመጣል፣ ፋክተር ማድረግ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። «ካልኩለስ ከበደኝ» ይላል። የከበደው ግን ከዓመታት በፊት «ገና ነው» ብሎ ያለፈው አልጄብራ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የድሮውን የሒሳብ መጽሐፍ አውጡና የየምዕራፉን የክለሳ ጥያቄዎች ሥሩ። የተቸከላችሁበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት። የክረምት ፕሮግራማችሁ እሱ ነው።

«ደብተር ደጋግሞ ማንበብ በቂ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ። ሌሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፦ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ገደማ አስታወሱ።

ደግሞ ማንበብ የሚሸውደን ለዚህ ነው። ገጹ ስለተለመደ የገባን ይመስለናል። ደብተር ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፤ ምን ያህል እንደማናውቅ ያሳየናላ! ገጹን ሙሉ በቢጫ ሃይላይተር መቀባትማ ለዓይን ደስ ከማለት ብዙም አያልፍም።

«እንቅልፍ የሚተኛ አያልፍም»

ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ያጠናነው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ስንተኛም ጭምር ነው። ሲያነቡ አድሮ ፈተና ላይ ማፍጠጥ ጉብዝና አይደለም።

«ክለብ በበዛ ቁጥር ዕድል ይሰፋል»

ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ከ10 በላይ ተሳትፎ አይቀበልም። አሥሩንም መሙላት ግዴታ አይደለም። ስማችሁ ብቻ ያለባቸው ስድስት ክለቦች፣ ሦስት ዓመት የቆያችሁበትን አንድ ሥራ አያህሉም። ታናናሾችን መንከባከብ፣ ከትምህርት በኋላ ተቀጥሮ መሥራትም እዚያው ይሞላል። ብዙ ልጆች ይህን «ተራ ነገር» ብለው ይተዉታል፤ ያሳዝናል።

«የድጋፍ ደብዳቤ ከትልቅ ሰው ነው»

ባለሥልጣን ዘመድ «ጎበዝ ልጅ ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን ይጠቅማል? ያስተማራችሁ መምህር ግን የላብራቶሪ ውጤት ሲበላሽባችሁ ሙከራውን ከመጀመሪያው እንደሠራችሁት መጻፍ ይችላል። ደብዳቤውን ግን የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አትጠይቁ። ቢያንስ አንድ ወር ስጧቸው።

«ምን እንደምማር ከአሁኑ መወሰን አለብኝ»

አይ፣ የለባችሁም። በር አለመዝጋት ግን ያስፈልጋል። ሒሳብን የተወ ኢንጂነሪንግን፣ ኬሚስትሪን የተወ ሕክምናን ሳያስበው ሊያጣ ይችላል። አንድን ትምህርት ከመተዋችሁ በፊት የሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን የመግቢያ መስፈርት አንብቡ።

«ገንዘብ ከሌለ ውጭ አገር አይታሰብም»

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን እና ኤምአይቲ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከገባ በኋላ የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። አብዛኞቹ ሌሎች ደግሞ አቅምን ያያሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን የገንዘብ ድጋፍ ገጽ ለብቻው አንብቡ። የድጋፍ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የራሱ ቅጽና የራሱ ቀነ ገደብ አለው።