የቆላ ጥም እና የቤት መጠጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ «በጋ» ሲባል ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አየር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማበርን በዋሻው አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ገዝቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው ጋቢውንም ሹራቡንም አውልቆ ጭኑ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው። ሙቀቱ የሚከፋው ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በዚህ ጊዜ በየቤቱ ብርዝ፣ ተልባ፣ ቀሪቦ፣ በሶ ብጥብጥ፣ አሬራ፣ የሎሚ ውኃና የማንጎ ጭማቂ ይቀርባል፤ ከመጠጡ ጋር ምክርም አብሮ ይቀርባል። እኔ ደጋ ተወልጄ ለሥራ ወደ ቆላ የምመላለስ ሰው ስሆን፣ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ምክሮች አብዛኞቹን ራሴም አምኜባቸው ኖሬአለሁ።

«መጠጡ በቀዘቀዘ ቁጥር ጥም ይቆርጣል»

አፍና ጉሮሮ ቅዝቃዜ ሲነካቸው የጥም ስሜት ወዲያው ጋብ ይላል፤ ሰውነት በላብ ያጣው ውኃ ግን ገና አልተተካም። በረዶ የሆነ መጠጥ የሚቀርብለት ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሳይሰለች ብዙ ሊጠጣው የሚችለው መለስተኛ ቅዝቃዜ ያለውን ውኃ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከፍሪጅ ይልቅ እንስራ ይመቻል።

ስለ እንስራ ስናወራ «ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ሸዋ ሮቢት የምትኖረው አክስቴ እንስራዋን በረንዳው ጥግ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር በሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጣለች፤ እጅ ሲያሳርፉበት ሆዱ እርጥብ ነው፣ ከሥሩ ያለው አፈርም ሁልጊዜ እንደ ጠቆረ ነው። ውኃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሾለከ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ከእንስራው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እንስራውን ቀለም የቀባ፣ በላስቲክ የጠቀለለ ወይም ነፋስ በማይገባበት ጓዳ ያስቀመጠ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ አጣሁ ብሎ በሸክላ ሠሪዋ ሊያማርር አይገባም። አየሩ ደረቅ ሲሆን እንስራው በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ግን ይሰንፋል።

«ሎሚ የተጨመቀበት ወይም በረዶ የሆነ ውኃ ንጹሕ ነው»

ሎሚ ለጣዕም መልካም ነው፤ የሰው ምራቅም ያመጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አይታመንም። የሎሚ አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሊያዳክም ቢችልም፣ በአንድ ጣሳ ውኃ ላይ የሚጨመቅ ግማሽ ሎሚ አሜባንና ጃርዲያን አያጠፋም። በረዶም እንዲሁ ነው፤ ቅዝቃዜ ብዙዎቹን ተሕዋስያን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ በረዶው ሲቀልጥ አብረው ይነቃሉ። ካልታከመ ውኃ የተሠራ በረዶ በፈላ ውኃ በተዘጋጀ ጭማቂ ውስጥ ሲገባ የቀደመውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ውኃን የሚያነጻው ማፍላት ወይም በትክክለኛው መጠን የተጨመረ የክሎሪን ማከሚያ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞች ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ዝቅ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ ውኃው ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ቢቆይ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ግን 3 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። ሲፈላ አይቶ ወዲያው ማውረድ የደጋ ቤት የተለመደ ስሕተት ነው።

«ብርዝና ቀሪቦ አልኮል የለባቸውም፤ ጠላ ደግሞ ለጥም ነው»

ማር በራሱ አይቦካም። ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ስለሆነ እርሾ ሊሠራበት የሚበቃ ውኃ አያገኝም። ሲበረዝ ግን ከማሩና ከዕቃው የተገኘው እርሾ ይነቃና ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ ይጀምራል። ጌሾ ስላልገባበት ጠጅ አይባል እንጂ፣ በቆላ ሙቀት ሁለት ሦስት ቀን የሰነበተ ብርዝ የልጅ መጠጥ ነው ማለት አይቻልም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ዳር ዳሩን ደቃቅ አረፋ ይይዛል፣ ክዳኑ ሲነሣ ሽው ይላል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንስና ምላስ ይቆነጥጣል። ቀሪቦም ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ፣ ፈልቶና ተጣርቶ፣ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት የሚያድር መጠጥ ስለሆነ፣ የምንወድለት ያ አረፋ ራሱ የእርሾው ሥራ ነው፤ አልኮሉ ጥቂት ቢሆንም የለም አይባልም፣ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። በሃይማኖት ምክንያት አልኮል የማይቀምስ እንግዳ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ልጅ ባለበት ቤት ብርዙን ለዕለቱ ብቻ በጥብጦ ማቅረብ፣ ቀሪቦውንም ያለ እርሾ ማዘጋጀት ይሻላል። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር የነካው መጠጥ ትኩስም ይሁን የሰነበተ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዘር አዋቂን ባይጎዳም በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫል።

ጠላን በተመለከተ ፍርዱ በዓይነቱ ይለያያል። ቅራሪ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ጉሽና ወፍራም ጠላ ግን ኩላሊት ውኃ እንድታስቀር የሚያዘውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንሱ፣ ጠጪው የጠጣውን ቶሎ ይሸናዋል፤ ከዚያም አልፎ ሙቀት እየጎዳው መሆኑን አያስተውልም። ከሽንኩርት ማሳ በቀትር ለተመለሰ ሠራተኛ መጀመሪያ ውኃ፣ ጠላው ደግሞ ጥላ ሲበርድ ቢቀርብለት ይበጃል።

«ጣፋጭ ጭማቂ ኃይልም ውኃም ይተካል»

የሸዋ ሮቢት ማንጎና ፓፓያ ተፈጭቶ ማንኪያ እስኪያቆም ድረስ ሲወፍር ምግብ ነው ብሎ መቁጠር ይቀላል። ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ከጨጓራ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ተቅማጥ ለያዘው ሰውም በአንጀት ውስጥ ውኃ ስቦ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። አንጀት ውኃን በደንብ የሚወስደው ጥቂት ስኳርና ጥቂት ጨው በልክ አብረው ሲገኙ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ኦ.አር.ኤስ የተሠራውም በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል፤ ማንኪያው አይከመርም፣ ጨውም ቢበዛ ጎጂ ነው።

ላቡን አፍስሶ ለዋለ ጤነኛ ሰው ግን በእኔ ግምት ከመንዙ ገብስ የሚሠራውን በሶ የሚያህል የለም። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ጥሬ ዱቄት አይደለም፤ ቀጠን ብሎ በንጹሕ ውኃ ሲበጠበጥና ቁንጥጫ ጨው ሲገባበት ውኃውንም፣ ጨውንም፣ ጉልበቱንም በአንድ ጣሳ ይሰጣል። የተማሪና የዘማች ስንቅ ነው ተብሎ ለእንግዳ አለመቅረቡ ያሳዝነኛል።

«ተልባ የጨጓራ መድኃኒት ነው»

ተልባ ተለቅሞ፣ በምጣድ እስኪንጣጣ ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ጉሮሮና ሆድ የሚያለሰልስ ይመስላል፤ ለጊዜውም ሊያስታግስ ይችላል። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ወይም አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችን ከማብዛት ስለሆነ፣ ተልባ መንስኤውን አያስወግደውም። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የተልባ ዱቄት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውኃ የሚመጥ መሆኑ ነው፤ አወፍሮ ጠጥቶ ውኃ ያልደገመበት ሰው ሆዱ ሊደርቅበት ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ክኒኑንና ተልባውን ለየብቻ፣ ጥቂት ሰዓት አራርቆ ቢወስድ ይመረጣል። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ እንዲሉ፣ በጾም ቀን ከቀረበ ጥሩ መጠጥ ነው፤ የሐኪምን ቦታ ግን አይይዝም።

«በወይራ የታጠነ ዕቃ ወተቱን ያነጻዋል»

ወይራ ጭስ ለእርጎና ለአሬራ የሚሰጠውን ሽታ ማንም አይክደውም፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያሉ ተሕዋስያንንም ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) እና የከብት ነቀርሳ የሚመጡት ከላሟ ጋር ነው፤ ጭሱ ወተቱ ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። መኮምጠጡም ቢሆን ተሕዋስያኑን በእርግጠኝነት አይገድላቸውም። መፍትሔው ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የቆየ እርጎ እንደ እርሾ ጨምሮ በታጠነው ዕቃ ማርጋት ነው። እርሾው ራሱ ከፈላ ወተት ከተረጋ እርጎ የተወሰደ መሆን አለበት።

«ቡናና ሻይ ያደርቃሉ»

ካፌይን ትንሽ ቢያሸናም፣ በተለመደው መጠን የተጠጣ ቡናም ሆነ ሻይ ከሚያስወጣው ይልቅ የሚጨምረው ውኃ ይበልጣል። የቆላው ሰው በቀትር ትኩስ ሻይ መጠጣቱም እብደት አይደለም፤ ትኩሱ መጠጥ ላብ ይጨምራል፣ አየሩ ደረቅ ከሆነና ላቡ ከተነነ ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዛል።

«ሸንኮራና የበቆሎ አገዳ ወባ ያመጣሉ»

ይህን አባባል በቆላው መንገድ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ምንጩም ይገባኛል። እሸቱና አገዳው የሚደርሱት ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ የክረምቱ ውኃ በየጉድጓዱ አቁሮ ትንኝ የሚፈለፈለውም በዚያው ወቅት ነው። ወባን የሚያስተላልፈው ሌሊት የምትናከስ ሴት አኖፌሌስ ትንኝ ናት፤ አገዳ መጦ ወባ የያዘው ሰው የለም። ጉዳቱ አገዳውን መከልከሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ «እኔ አገዳ አልነካሁም» ያለ ሰው አጎበሩን ጥሎ መተኛቱና ትኩሳት ሲይዘው ለመመርመር መዘግየቱ ነው የሚያሳስበው።

«ሕፃን በሙቀት ውኃ ይጠማዋል»

ከሁሉ አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ለ6 ወር ላልሞላ ሕፃን የሚመከረው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ በሸዋ ሮቢት ግንቦትም ቢሆን ምክሩ አይለወጥም። የእናት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውኃ ስለሆነ ጥሙን ይቆርጥለታል፤ በማንኪያ የሚሰጠው ውኃ፣ የአብሽ ውኃ ወይም ስኳር ውኃ ግን ትንሿን ሆዱን ሞልቶ ጡቱን ያስተወዋል፣ ተቅማጥም ሊያመጣበት ይችላል። ሕፃኑ በሙቀት ቶሎ ቶሎ መጥባት ከፈለገ ማጥባት ነው። ውኃውን፣ አብሹንና አጥሚቱን የምትጠጣው እናቱ ናት፤ አክስቴ እመጫት ስትጠይቅ ከእንስራዋ አንድ ጆግ ሞልታ የምትሄደውም ለእናቲቱ ነው።