ስለ ፋርስኛና ስለ ተናጋሪዎቹ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢራን ስትነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይዞራል። ስለ ሕዝቡ ቋንቋና ባህል የምንሰማው ጥቂት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፋርስኛ የተናጋሪዎቹን ወግና ጠባይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ቋንቋ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኢራኖች አረቦች ናቸው፤ የሚናገሩትም አረብኛ ነው»

አይደለም። ፋርስኛ ከኩርድኛና ከፓሽቶ ጋር የሚዛመድ፣ ከኢንዶ-አውሮፓ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው። እንዲያውም ከፋርስኛ ይልቅ ለአረብኛ የሚቀርበው የእኛው አማርኛ ነው፤ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። እኛ «ቤት» ስንል አረቡ «በይት» ይላል። ኢራናዊው ግን «ኻኔ» ነው የሚለው። ሰውን የሚያሳስተው ፊደሉ ነው። ፋርስኛ የሚጻፈው በአረብ ፊደል ሲሆን ለ«ፐ»፣ ለ«ቸ»፣ ለ«ዠ» እና ለ«ገ» ድምፆች አራት ፊደላት ተጨምረውበታል። ከአረብኛ የገቡ ቃላትም ሞልተውታል፤ ግን ቃል መዋስ ዘር አይቀይርም።

«ፋርስኛ የኢራን ብቻ ነው፤ ኢራናዊም ሁሉ አፉን የፈታው በፋርስኛ ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። በአፍጋኒስታን ዳሪ፣ በታጂኪስታን ታጂክኛ የሚባሉት ያው ፋርስኛ ናቸው። ታጂኮች በሶቪየት ዘመን በመጣው የሲሪሊክ ፊደል ይጽፋሉ እንጂ ከቴህራን ሰው ጋር ሲያወሩ ይግባባሉ። በሌላ በኩል ኢራን ውስጥ አፋቸውን በአዘሪ ቱርክኛ፣ በኩርድኛ፣ በጊላኪ፣ በባሉችኛ ወይም በአረብኛ የፈቱ ሚሊዮኖች አሉ። ለዚህ ከሻህሪያር የተሻለ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1988 ያረፈው ይህ የታብሪዝ ሰው በፋርስኛም በአዘሪም የገጠመ ታላቅ ባለቅኔ ነው። ኢራን የፋርስኛ ግጥም ቀንን የምታከብረው እሱ ባረፈበት ዕለት ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ግን አዘሪ ነበር።

«ታሮፍ ማስመሰል ነው»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ታሮፍ የኢራኖች የአክብሮት ወግ ነው። ቴህራን ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ሂሳብ ስትጠይቁ ባለሱቁ «ቃቤል ናዳሬ» ሊላችሁ ይችላል፤ «ለእርስዎ ምን አላት!» እንደማለት ነው። የታክሲ ሹፌሩም እንዲሁ። ወጉን የማያውቅ እንግዳ በነፃ የተሰጠው መስሎት አመስግኖ ይወጣል፤ ባለሱቁ ክው ይላል። ደንቡ «ኧረ አይሆንም፣ ስንት ነው?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው። ሁለት ሦስቴ ከተመላለሱ በኋላ ዋጋው ይነገራል፤ ሂሳቡም ይከፈላል።

ይሄን «ውሸት» የሚሉ አሉ። እኔ ፈጽሞ አልስማማም። ውሸት የሚሆነው ሰሚው ሲታለል ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም የሚባባሉትን አሳምረው ያውቁታል። እኛም ብንሆን ሰው ቤት ሄደን «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ስንል፣ የቤቷ እመቤት «በሞቴ!» ብላ ስታጎርስ፣ ማን ማንን ዋሸ?

ታሮፍ አነጋገሩ ውስጥ ድረስ ዘልቋል። የሚከበር ሰው ሲናገር «አለ» አይባልም፤ «አዘዙ» ነው የሚባለው። ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲያወራ ግን «ላቅርብ» ይላል። የተከበረው ሰው ሲመጣ «ክብራቸውን ይዘው መጡ» ነው። «እኔ» በማለት ፈንታ «ባንዴ»፣ ማለትም «ባሪያዎ» የሚልም ሞልቷል። ራስን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ማድረግ ነው። ሌላውም በተራው እንዲሁ ስለሚያደርግ ማንም ተዋርዶ አይቀርም።

ይሄ ማለት ግን ታሮፍ አያስቸግርም ማለት አይደለም። ኢራኖች ራሳቸው ይሰለቹታል፤ «ታሮፍ ናኮን» («ታሮፉን ተው») የዘወትር ንግግር ነው። የልብ ግብዣን ከወግ ግብዣ የሚለየው ዝርዝሩ ነው። «እስቲ አንድ ቀን እራት ብቅ በሉ» ያለ ሰው ወጉን አድርሷል። «ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት እንጠብቃችኋለን» ካለ ግን ድስት ሊጣድ ነው።

«እስልምና ሲገባ የድሮው ባህል ጠፋ»

በመጋቢት አጋማሽ ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ የሚውለው አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ ከእስልምና በፊት የነበረ በዓል ነው። ገበታው ላይ ስማቸው በ«ሰ» የሚጀምር ሰባት ነገሮች ይደረደራሉ፤ ነጭ ሽንኩርት (ሲር)፣ ኮምጣጤ (ሰርኬ) እና ፖም (ሲብ) ከነሱ ውስጥ ናቸው። አጠገባቸው አንዳንዱ ቤት ቁርኣን፣ አንዳንዱ የታላቁን የጥንት ባለቅኔ የሃፌዝን ግጥሞች፣ አንዳንዱም ሁለቱንም ያስቀምጣል። በዓመቱ ረጅሙ ሌሊት፣ በያልዳ፣ ቤተሰብ ሮማንና ሐብሐብ እየበላ ያመሻል፤ የሃፌዝን መጽሐፍ እንደመጣ ገልጦም ዕጣውን ያነባል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። የፊርዶውሲ ሻህናሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1010 የተጠናቀቀው ታላቅ የነገሥታት ግጥም፣ አንድም የአረብኛ ቃል የለበትም ይባላል። አለበት፤ ጥቂት ነው እንጂ። ሃፌዝ የሚለው የብዕር ስምም ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ማለት ነው። አሮጌውና እስላማዊው አንድ ላይ ተሸምነዋል፤ አንዱን ከሌላው ነቅሎ ማውጣት አይቻልም።

«ቋንቋው ፆታ ስለማይለይ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው»

ፋርስኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን አይለይም፤ ለሁለቱም «ኡ» ነው የሚለው። በፍቅር ግጥሞቹ ተወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከዚህ ተነስቶ ኑሮውም እኩል ነው ማለት ግን ስህተት ነው። በኢራን ሕግ ሴት ልጅ የምትወርሰው የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሂጃብ ሰበብ በፖሊስ ተይዛ የነበረችው ወጣት ማህሳ አሚኒ ከሞተች በኋላ ሴቶች አደባባይ ወጥተው «ዛን፣ ዜንደጊ፣ አዛዲ» ሲሉ ሰምተናል፤ «ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት» ማለት ነው። መፈክሩ መጀመሪያ የኩርዶች ነበር። ወደ ፋርስኛ ተተርጉሞ ነው አገር ያዳረሰው።