ርካሽ የሪሞት መኪና ባትሪ፦ አመራረጡና ቻርጅ አደራረጉ

ሪሞት መኪና የገዛ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ስታገኙት የሚያወራችሁ ስለ ባትሪ ነው። መኪናውን መርካቶ ወይ ፒያሳ ዞሮ አግኝቶታል። አብሮት የመጣው ባትሪ ግን ወይ አብጧል፣ ወይ አምስት ደቂቃ ሳይነዳ ይደክማል። ምትክ ሲፈልግ ደግሞ ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚመጣ ሰው መለመን ይጀምራል። መሀል አዲስ አበባ ላይ በርካሽ ባትሪ የምንነዳ ሰዎች ችግራችን ይኸው ነው፤ ዋጋው ቢቀንስም ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ያለውን ማቆየት ከመግዛቱ እኩል ሙያ ይጠይቃል።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) የሚባለው ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አምፒር ያወጣል። ባትሪው ሴል ከሚባሉ ክፍሎች ይሠራል፤ የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.7 ነው። ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ከ3.0 በታች ከወረደ ይጎዳል። ላዩ ላይ 2ኤስ የሚል ካያችሁ ሁለት ሴል በተርታ ተያይዟል ማለት ነው፤ 7.4 ቮልት፣ ሲሞላ 8.4። 3ኤስ ደግሞ 11.1 ነው፣ ሲሞላ 12.6። ለ2ኤስ የተሠራ መኪና ላይ 3ኤስ መሰካት ሞተሩንም የፍጥነት መቆጣጠሪያውንም ሊያቃጥል ስለሚችል አትሞክሩት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች በነዳጅ የሚሠራ ሪሞት መኪና እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ባትሪን ከፍታው አይነካውም፤ የክረምት ጠዋት ብርድ ግን ጉልበቱን ይቀንሰዋል።

ሲገዛ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሚሊአምፒሩ (በሙሉ ስሙ ሚሊአምፒር-ሰዓት) ነው። ይህ የነዳጅ ታንክ ስፋት እንደማለት ነው። 5000 ሚሊአምፒር ያለው ባትሪ በአማካይ 20 አምፒር የሚወስድ መኪና ላይ ለ15 ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ባዶ እስኪሆን መንዳት ስለማይገባ፣ 80 በመቶው ላይ ካቆማችሁ 12 ደቂቃ ነው። ቀጥሎ የሲ ቁጥር አለ። እሱ የሚናገረው ባትሪው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል ነው። ርካሽ ባትሪ ላይ ከሁሉ በላይ የሚዋሸውም እዚህ ላይ ነው። 5000 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 5 አምፒር-ሰዓት፣ ሆኖ 100ሲ የሚል ባትሪ 5 በ100 ተባዝቶ 500 አምፒር አወጣለሁ እያለ ነው። ጫፉ ላይ የተበየደው ቢጫ ኤክስቲ60 ኮኔክተር ግን የተሠራው ለ60 አምፒር ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

እኔ ከጽሑፉ ይልቅ ሚዛን አምናለሁ። አንድ ጓደኛዬ ከመንገደኛ የተቀበለውን ባለ 5000 2ኤስ ባትሪ ይዘን ሰፈር ያለ አትክልት ቤት ገባን፤ ልጁ ሽንኩርቱን አንሥቶ ባትሪውን ዲጂታል ሚዛኑ ላይ አስቀመጠልን። 148 ግራም አለ። 7.4 ቮልት በ5 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ ይህን ያህል የሚይዝ እውነተኛ ሊፖ ከ200 ግራም በታች እምብዛም አይሆንም። ቤት ሄደን ሞልተን ስንለካው የያዘው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። ክብ የሆነውን 18650 ሴልም በዚሁ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። 9900 የሚል ከተጻፈበት ወዲያው መልሱት፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ 3500 ገደማ ነው፣ ሚዛን ላይ ደግሞ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 ለባትሪ መብራት ይሆናል። ለሪሞት መኪና ግን የሚበቃ አምፒር ስለማያወጣ ይሞቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን የባትሪ ማስቀመጫ በማስመሪያ ለኩ። ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው የተለመደው 2ኤስ 138 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 46 ሚሊሜትር ስፋት አለው። መኪናው የሚጋጭ ከሆነ፣ መጋጨቱም አይቀርም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ምረጡ። ኮኔክተሩ ካልገጠመ ሞባይል ጥገና የሚሠራ ሰው በየዳ ያስተካክለዋል። ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ እንዳይቆርጥ ግን አስጠንቅቁት፤ ቀዩና ጥቁሩ በመቁረጫው ከተገናኙ ባትሪው እዚያው ይተኮሳል።

አሁን ወደ ቻርጀሩ። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከባትሪው ቀንሳችሁ ለቻርጀሩ ጨምሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ወይም ቢ3 የሚባለው ትንሹ ቻርጀር ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ 0.8 አምፒር ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ባለ 5000 ባትሪን ለመሙላት ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅም አያሳያችሁም። ስክሪን ያለው፣ እንደ ቢ6 ያለው ዓይነት፣ ሴሎቹን እያመጣጠነ ይሞላል፣ የሞላውን መጠን ይነግራችኋል፣ ለማስቀመጫ የሚሆን ፕሮግራምም አለው። ብዙዎቹ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ አይሰኩም፣ ከ11 እስከ 18 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቤት ያለው የላፕቶፕ አዳፕተር 19 ቮልት ስለሆነ ከልኩ ያልፋል። ለሴኩሪቲ ካሜራ የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት፣ 5 አምፒር አዳፕተር ለ2ኤስ በቂ ነው።

የአሞላል ሕጉ ቀላል ነው። 5000 ሚሊአምፒር በ5 አምፒር፣ 1500 በ1.5 አምፒር። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስክሪኑ ላይ ሊፖ የሚለውን ምረጡ፤ ለኒኬል ባትሪ የተሠራ ቻርጀር ሊፖ ላይ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። የባትሪውን ትልቁንም ትንሹንም ሶኬት ሰኩ። ትንሿ ነጯ 2ኤስ ላይ ሦስት ሽቦ፣ 3ኤስ ላይ አራት ሽቦ አላት፤ ቻርጀሩ ሴሎቹን የሚያመጣጥነው በሷ በኩል ነው። ወዲያው ነድታችሁ ከመጣችሁ እስኪበርድ ጠብቁ።

እኛ ቤት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባትሪ የሚሞላው በረንዳ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ድስት ውስጥ ነው። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይገጠምም፤ ጭስ ቢነሣ መውጫ ያስፈልገዋል። እናቴ ድስቷን ስትፈልግ አዲስ ገዛሁላት። ከመጋረጃ፣ ከሶፋና ከፍራሽ ይራቅ፤ ሰው ሲተኛም መቆም አለበት። መብራት ከሄደ ባትሪውን ከቻርጀሩ፣ ቻርጀሩንም ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ ጠብቁ። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል፤ ብዙ ቻርጀርም ካቆመበት አይቀጥልም።

ርካሽ ባትሪን ከመንዳት ይልቅ መቀመጥ ነው የሚገድለው። አምና ሐምሌ ላይ እሑድ ልነዳ ቅዳሜ ማታ ሁለት ባትሪ ሞላሁ። እሑድ ዘነበ። የሚቀጥለውም እሑድ ዘነበ። እንደሞሉ መሳቢያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጡ፣ ሳወጣቸው አንደኛው እንደ ትራስ አብጦ ነበር። ሌላው ተርፏል፣ ግን ጉልበቱ እንደ በፊቱ አልነበረም። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የማትነዱ ከሆነ በእያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስትነዱም ባዶ እስኪሆን አታድርሱት። ነጯ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ አላርም አለች፤ በሴል 3.3 ወይም 3.4 ቮልት ላይ ብታስተካክሏት እዚያ ሲደርስ ጮኻ ትነግራችኋለች።

ከውጭ በሚመጣ ሰው ባትሪ ስታስመጡ ደግሞ ይህን ንገሩት። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ የ2ኤሱ 37፣ ባለ 5000 3ኤስ ደግሞ 55.5 ነው። ጫፉ በፕላስተር ይሸፈን። ባትሪ ለብቻው በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ መላክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተከለከለ ነው የመንገደኛ ደጅ የምንጠናው።

ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ዳግመኛም አይሞላም። ከተቀጣጠለ ከጭሱ ራቁ፣ አሸዋ ወይም ብዙ ውሃ ተጠቀሙ፣ ከአቅም በላይ ከሆነ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። ካልተቀጣጠለ ባዶ ለማድረግ ሶማሌ ተራ ሂዱና ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ግዙ። ሁለት ሽቦ አስበይዱበትና ውጭ፣ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ባትሪው ላይ ሰኩት። አምፖሉ ለሰዓታት ይበራል፣ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሲጠፋ ቶሎ አትንቀሉት። ቴስተሩ ዜሮ እስኪያሳይ፣ ቢያንስ እስከ ማግስቱ፣ እንደተያያዘ ይደር።