የደም ምርመራ በአሜሪካ፦ በካሽ ወይስ በኢንሹራንስ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ለተለመደ ምርመራ ደም ሰጥቶ የወጣ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያላሰበው ቢል በፖስታ ይደርሰዋል። «ኢንሹራንስ አለኝ እኮ!» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስለ ዋጋው አምኖበት ከኖረው ነገር ነው።

«ኢንሹራንስ ካለኝ፣ ሁልጊዜ የሚረክሰው በእሱ ነው።»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አብዛኛው ኢንሹራንስ ዲዳክቲብል አለው፤ ኩባንያው ማገዝ ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ውስጥ ከራስዎ ኪስ የሚያወጡት ገንዘብ ማለት ነው። ያ እስኪሞላ ድረስ ካርድዎ የሚያስገኝልዎ ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ የተዋዋሉበትን ዋጋ ብቻ ነው፤ ከፋዩ እርስዎ ነዎት። የውሉ ዋጋ ደግሞ የግድ ዝቅተኛ አይደለም። ለምሳሌ ውሉ 90 ዶላር፣ የካሽ ዋጋው 35 ዶላር ነው እንበል። ዲዳክቲብሉ ያልሞላለት ሰው ካርዱን ስላሳየ ብቻ 55 ዶላር አብልጦ ይከፍላል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል አነሳኋቸው እንጂ፣ የካሽ ዋጋ ከውሉ ዋጋ ያነሰበት ሆስፒታል በእርግጥ አለ። ዲዳክቲብሉን የጨረሰ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጥለታል፤ እሱ የሚከፍለው ድርሻውን ብቻ ነው።

«እንግዲያው ካሽ ሁልጊዜ ያተርፋል።»

ይህም ስህተት ነው። በካሽ የከፈሉት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከዲዳክቲብልዎ ላይ አይቆጠርም። በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ የሚጠብቅ ሰው ዲዳክቲብሉ መሙላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዛሬ ያተረፋት 20 ዶላር ነገ ላትጠቅመው ትችላለች። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች አንዳንድ የቅድመ መከላከል ምርመራዎችን፣ ለምሳሌ ዕድሜና የጤና ሁኔታን መሠረት ያደረገ የኮሌስትሮልና የስኳር ምርመራን፣ በውላቸው ውስጥ ባለ ላብ (ላቦራቶሪ) ከተሠሩ ያለ ክፍያ እንዲሸፍኑ በሕግ ይገደዳሉ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ያው የኮሌስትሮል ምርመራ ሐኪሙ «ለመከላከል» ብሎ ከጻፈው ነፃ፣ «ሕመምን ለመከታተል» ብሎ ከጻፈው ግን ዲዳክቲብል ውስጥ የሚገባ ሊሆን ይችላል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ሐኪሙን በምን ምክንያት እንዳዘዘው መጠየቅ ነውር የለውም።

«ቢሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ የምርመራው እውነተኛ ዋጋ ነው።»

አይደለም። ሆስፒታሎች ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሳቸው ከፍተኛ የዋጋ ዝርዝር አላቸው፤ ኢንሹራንሶች የሚከፍሉት ከእሱ ዝቅ ያለ ነው። ማነጻጸሪያ ከፈለጉ ሜዲኬርን፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይመልከቱ፦ የስኳርን፣ የኩላሊትንና የጉበትን ሁኔታ አንድ ላይ ለሚያሳየው ኮምፕሪሄንሲቭ ሜታቦሊክ ፓነል ለላብ ሲከፍል የኖረው 11 ዶላር የማይሞላ ነው። ለዚሁ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የተጻፈበት ቢል ከደረሰዎ፣ ደውሎ መከራከር መብትዎ ነው።

«ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።»

ከጥር 1፣ 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሆስፒታሎች የካሽ ዋጋቸውንና ከየኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋሉበትን ዋጋ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ተገደዋል። ፍለጋውን የሚያቀልልዎ ለእያንዳንዱ ምርመራ የተሰጠው የቁጥር ኮድ ነው፦ ከላይ ያነሳሁት ፓነል 80053፣ የደም ሴሎች ቆጠራ (ሲቢሲ) ከነዝርዝሩ 85025፣ የኮሌስትሮል 80061 ነው። ደም የመቅዳቱ ክፍያ፣ 36415፣ ለብቻው ስለሚመጣ እሱንም ይደምሩ። ስልክ ሲደውሉ ኮዱን ይስጡና «የካሽ ዋጋው ስንት ነው? በእኔ ኢንሹራንስስ?» ብለው ሁለቱንም ይጠይቁ። ትእዛዙን ይዘው ከሆስፒታል ውጭ ወዳለ ላብ መሄድም ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከሆስፒታል ላብ በእጅጉ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ብቻ ላቡ በኢንሹራንስዎ ውል ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

«ኢንሹራንስ ያለው ሰው በካሽ መክፈል አይፈቀድለትም።»

የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሙሉውን ከኪሱ ከፍሎ መረጃው ወደ ኢንሹራንሱ እንዳይላክ መጠየቅ ይችላል፤ ሂፓ የተባለው የጤና መረጃ ሕግ ይህን መብት ይሰጠዋል። ጥያቄውን ግን ደም ከመስጠትዎ በፊት ያቅርቡ፤ ቢሉ አንዴ ከተላከ ወዲያ መመለሱ አድካሚ ነው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት ሽፋን) ያላቸው ግን ከኪስ ለመክፈል አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ፕሮግራሙ መሸፈኑን ይጠይቁ።

«ኢንሹራንስ ስለሌለኝ የተጠየቅሁትን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለኝም።»

ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌለው፣ ወይም ኢንሹራንሱን የማይጠቀም ሰው፣ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው። የመጨረሻው ቢል ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ በ120 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ደግሞ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የተጻፈ የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ቢል አንስቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበላሉ። ቢሉ ደርሶዎት ወራት አልፎ ቢሆንም እንኳ ቅጹን ይጠይቁ።