«የማርያም መንገድ» ሰጪው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ባህር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ያለ ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አይዞህ፣ የማርያም መንገዱን አግኝቼዋለሁ፤ ትንሽ ብር ብቻ ነው የሚፈልገው» ሲል ሰማሁት። ጥቂት ቆይቶ በጎን በር ገባ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እኮ አማርኛ ስም አላጣም፦ ጉቦ አለ፣ እጅ መንሻ አለ፣ መማለጃ አለ፣ የጓሮ በር አለ። ይህ ሁሉ ተደርድሮለት ሳለ የእመቤታችንን ስም ምን አስጠራው?

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ አነጋገሩንም የማውቀው ከነሥርዓቱ ነው። በእኛ መንደር ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በባሕር ሸሽ መሬት ነበር። ክረምት ሲወጣ ሐይቁ ቀስ እያለ ያፈገፍጋል፤ ውኃው የለቀቀው ዳርቻ ለጓያና ለሽምብራ የሚመች ርጥብ ጥቁር አፈር ነው። ችግሩ አምና የተተከለውን የድንበር ምልክት ያው ውኃ ይዞት መሄዱ ነው። በየዓመቱ አዲስ ድንበር፣ በየዓመቱም አዲስ ጠብ። ዱላ ይነሣል፣ ወንድምና አጎት ይጠራራል፤ በመጨረሻ አንዱ በሦስት ጎን ሰው፣ በአራተኛው ደንገልና ውኃ ሆኖበት ይቆማል። ያን ጊዜ ዱላውን ጥሎ «የማርያም መንገድ ስጡኝ!» ይላል። እሱ ቢኮራ እንኳ ከኋላ አንዲት ሴት ትልለታለች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዓይኔን ሳልነቅል ነበር የማየው። ከከበቡት አንዱ ወገን ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይላል። ዱላ ሁሉ ወደ መሬት ይዘቀዘቃል። ሰውየው በተከፈተለት በኩል ሲያልፍ ማንም ትክ ብሎ አያየውም፤ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ገዛ እግሩ ያያል እንጂ። ከኋላው ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ መሳደብም እንዲሁ። መንገዱ የሚያልቀው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ነው። እዚያ ከደረሰ ነገሩ የጎረምሳ መሆኑ ቀርቶ የሽማግሌ ይሆናል። መሬቱ በገመድ ይለካል፣ ካሳ ካለ ይቆረጣል፣ ደም ፈስሶም እንደሆነ የንስሐ አባቶች ይገቡበታል። የተሰጠው መንገድ እንጂ ምሕረት አልነበረም፤ ዕዳው እንዳለ ይጠብቀዋል።

እኛ ልጆቹም አባሮሽ ስንጫወት ይህንኑ እንቀዳ ነበር። የተከበበ ልጅ «የማርያም መንገድ!» ካለ ማሳለፍ ግድ ነው፤ ያላሳለፈ ከጨዋታው ይወጣል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም በዚያው ስም ይለምኑ ነበር፤ በቁርኣናቸው በመርየም ስም የተሰየመ ሙሉ ምዕራፍ ስላለ ይሁን ወይም ሕጉ ስለጠቀማቸው፣ አንድም ቀን ሲከራከሩበት አልሰማሁም። እኛም በእነሱ ላይ ሕጉን አላጠፍንም።

ልብ በሉ፣ ፖሊስ ከእኛ መንደር ሩቅ ነበር። ሃያ የተቆጣ ሰው ዱላውን የሚያወርደው እያዛለሁ ብሎ ፈርቶ አልነበረም። አያቴ «የማርያምን መንገድ የዘጋ ሰው ሚስቱ ስታምጥ ማርያም ትርቅበታለች» ትል ነበር። ለጣና ዳር ገበሬ ይህ ከእስራት ይከብዳል፤ ሴት ምጥ በያዛት ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ላይ «ማርያም፣ ማርያም» ሲል ያደረበትን ሌሊት ያውቃልና። እዚሁ አጠገባችን ዘጌም እንዲሁ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለው በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል፤ ሰዉም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። ዙሪያው ሲራቆት የዘጌ ደን የቆየው በደን ጠባቂ ብዛት አይደለም።

አነጋገሩ ከየት መጣ? አንዳንዱ የጦር ስልት ነው ይላል፤ መውጫ ያጣ ጠላት አጥብቆ ስለሚዋጋ በር ተውለት ለማለት። አያቴ ወተት የደፋችን ድመት ስታባርር በሩን አስቀድማ የምትከፍተው ለዚሁ ነበርና ሐሳቡ ውሸት አይደለም። ግን ብልጠት ብቻ ከሆነ የማርያም ስም ለምን አስፈለገ? ሌላው ወደ በላኤ ሰብ ይወስደዋል። ዘጌ ካለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል፦ 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በማርያም ስም ለለመነው ለምጻም የሰጣት ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ስትመዝንለት። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ የካቲት 16 ሲነበብ አሁንም ያስለቅሳል፤ ነገር ግን እዚያ ውስጥ መንገድ የለም።

እኔ የምይዘው ሌላ ነው፤ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ከሐይቁ በቀር የምጠቁመው የለኝም። የጣና ቂርቆስ አባቶች እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ በተሰደደች ጊዜ ልጇን ይዛ በዚያች ደሴት 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች ብለው ይተርካሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚጾመው በጽጌ ጾም ማኅሌቱ ሁሉ የዚያ ስደት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እንዲህ የሚያምን ሕዝብ ፊት አንድ የሚሸሽ ሰው ሲቆም፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ሕፃን ያዘለች ስደተኛ ናት። «የማርያም መንገድ ስጡኝ» ማለት «እሷ በሸሸችበት በኩል ልለፍ» ማለት ይመስለኛል። መንገዱ ቅጽር በር ላይ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። የጣና ደሴቶች ራሳቸው የመሸሸጊያ አገር ናቸው፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የተሸሸገው እዚህ ነው። ጎጃምና ጎንደር፣ የቀረውም አገር ሁሉ ይህን አባባል ከእኛ ወሰደ ብል ወንድሞቼ ይቆጡኝ ይሆናል። ይቆጡ።

ይሁንና ስሙን መጥራት ብቻውን ሰውን አያራራም። ከ1434 እስከ 1468 በፈረንጆች አቆጣጠር የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን 33 በዓላት ደንግጓል፣ ተአምሯም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዝዟል። ዛሬ በየመንደሩ ስሟ እንዲህ ሥር የሰደደው ብዙው በእሱ ነው። ያው ንጉሥ ግን ለሥዕሏና ለመስቀል አልሰገዱም የተባሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ አስገርፏል፣ አካላቸውን አስቆርጧል፣ አሳድዷል። ለእነሱ የማርያም መንገድ አልነበረም። የንጉሡ አፅም ዛሬ በጣናዋ ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ደሴቷን ያያታል። ንጉሡ ካወጀው ሃይማኖት ገበሬው ለዱላው ልጓም ሠራበት፤ ንጉሡ ራሱ ግን በዚያው ሃይማኖት ጅራፍ ገመደ። እኔ ለገበሬው አደላለሁ።

የዛሬው አጠቃቀም ሁሉ ይነቀፋል አልልም። የኳስ ጋዜጠኛ «ተከላካዩ የማርያም መንገድ እንኳ አልሰጠውም» ሲል ነገሩን ገብቶታል፤ ከባቢና ተከባቢ አለ፣ የሚከፈት በርም አለ። በክርክር መካከል «የማርያም መንገድ እንተውላቸው» የሚሉ ሰዎችም ደግ ያደርጋሉ፣ የሚተውት መንገድ መጨረሻው ገደል ካልሆነ። የሚያናድደኝ አቅም ያለው ሰው ለራሱ ሲጠይቀው ነው፤ የሚለምነው ዱላው የወደቀበት፣ የሚሰጠው ዱላ የያዘው ነበርና። ከዚያም የባሰው ሰጥቶ የሚያወራው ነው። በእኛ መንደር የሰጠ ሰው ፊቱን አዙሮ ነበር የሚሰጠው፤ ማታ ጠላ ቤት ገብቶ «እንትናን የማርያም መንገድ ሰጠሁት» ቢል የሚያጫውተው አያገኝም። አሁን ግን አንድ የቤት አከራይ ጎረቤቴ ኪራይ ያጠረውን ተከራይ አንድ ወር ታግሦት «የማርያም መንገድ ሰጠሁት» እያለ ሠፈሩን ሁሉ ሲያዞር ከረመ። በዚያው ወር ኪራዩን ጨምሮበታል።