ክራይስለር፦ በጂፕ የቆመው ኩባንያ

ክራይስለር ከዲትሮይት ሦስቱ ታላላቅ የመኪና አምራቾች አንዱ ነው። ከጄኔራል ሞተርስና ከፎርድ ጋር ሲነጻጸር ግን አቅሙ አነስ ያለ ነበር። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ቀድሞ የሚንገዳገደውም እሱ ነው። ዋልተር ክራይስለር ያቋቋመው በ1925 ነው (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1979 ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከፎርድ የተባረረው ሊ አያኮካ መሪነቱን ይዞ ዋሽንግተን ደጅ ጠና። መንግሥት ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነለት። ኩባንያው ዕዳውን በ1983፣ ከቀነ ገደቡ ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ።

አያኮካ በ1987 አሜሪካን ሞተርስን ገዛ። ያም ቢሆን በኪሳራ የሚንፏቀቅ ኩባንያ ነበር፤ የተፈለገው ጂፕን ለማግኘት ነው። ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ጂፕ፣ ከዚያ በፊትም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዞር ኖሯል። የ1984ቱ ቼሮኪ ግን ሌላ ነገር ነበር። ቦዲውና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ፣ ቀለል ያለ፣ ባለ አራት በር ሞዴልም ያለው። የከተማ ቤተሰብ ወደደው።

ታላቅ ወንድሙ ግራንድ ቼሮኪ ይፋ የሆነው በጥር 1992 ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ቦብ ሉትዝ የዲትሮይትን ከንቲባ ኮልማን ያንግን ከጎኑ አስቀምጦ፣ የከተማው የመኪና ትርኢት የሚካሄድበትን የኮቦ አዳራሽ ደረጃ በመኪናው ወጥቶ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ትርኢት ነው፤ ግን ሠራ!

እንደ ቼሮኪ ያለው ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና፣ ኤስዩቪ የሚባለው፣ ለምን ይህን ያህል አዋጣ? የአሜሪካ ሕግ ከቀላል የጭነት መኪና ጋር ስለሚመድበው የነዳጅ ፍጆታ ገደቡ ላላ ይልለታል። በዚያ ላይ በ90ዎቹ ቤንዚን ርካሽ ነበር። ገዢውም ከቤት መኪና አስበልጦ ይከፍላል።

ጉዳቱ የመጣው በዚያው በር ነው። በ1998 ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር «እኩል ለእኩል» ተብሎ የተደረገው ጋብቻ አልሰመረም፤ በ2007 ዳይምለር አብዛኛውን ድርሻ ሰርበረስ ለተባለ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጠ። በ2008 አንድ በርሜል ነዳጅ ከ140 ዶላር አለፈ። ቀጥሎ ባንኮች ብድር አጠበቁ። ትልልቅ መኪና የሚገዛ ጠፋ። ክራይስለር ሚያዝያ 30 ቀን 2009 ኪሳራ አወጀ፤ የጣሊያኑ ፊያትም በሰርጂዮ ማርኪዮኔ መሪነት ተረከበው። ማርኪዮኔ ትንንሾቹን የቤት መኪኖች ትቶ በጂፕና በራም ፒክአፕ ላይ ተወራረደ። በ2018 ጂፕ አሜሪካ ውስጥ ከ900,000 በላይ ሸጠ።

ከ2021 ጀምሮ ባለቤቱ፣ ፊያት ክራይስለርና የፔጆ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ፒኤስኤ ተዋህደው የመሠረቱት ስቴላንቲስ ነው። አዲሱ አመራር በዋጋ ተዳፈረ ማለት ይቻላል። ግራንድ ዋጎኒር የተባለው ትልቅ ጂፕ ውድ ሞዴሎች ከ100,000 ዶላር አለፉ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ቼሮኪ ደግሞ በ2023 ምርቱ ቆመ። በ2024 የጂፕ የአሜሪካ ሽያጭ ከ600,000 በታች ወረደ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ካርሎስ ታቫሬስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለቀቁ። ክራይስለር በሚለው ስም በዚያን ጊዜ ይሸጥ የነበረው ሚኒቫን ብቻ ነው።