«ኤል 6» ሲባል ምን ማለት ነው?

በድንጋያማ ሜትዮራይት (ከጠፈር ምድር ላይ የወደቀ ድንጋይ) መለያ ላይ «ኤል 6» ሲጻፍ ብዙዎች ቁጥሩን የጥራት ደረጃ ወይም የብረት መቶኛ ያደርጉታል። ሁለቱም አይደለም። ፊደሉና ቁጥሩ የሚመልሱት ለየቅል ጥያቄ ነው።

ፊደሉ ስለ ብረት ነው። ኤች ብረቱ ብዙ፣ ኤል አነስተኛ፣ ኤልኤል ደግሞ አጠቃላይ ብረቱም ያልተዋሐደው ብረቱም አነስተኛ ነው። መለያው ግን ማግኔት አይደለም። በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (በኤሌክትሮን ጨረር የማዕድንን ይዘት በሚለካ መሣሪያ) የሚለካው፣ ኦሊቪን በተባለው ማዕድን ውስጥ ያለው ብረት አዘሉ ክፍል (ፋያላይት) ነው፦ በኤች ከ16 እስከ 20፣ በኤል ከ22 እስከ 26፣ በኤልኤል ከ27 እስከ 32 ሞል በመቶ ገደማ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚምታታበት፤ ጠቅላላ ብረቱ ያነሰው ድንጋይ ኦሊቪኑ ውስጥ የበለጠ ብረት ይዟል! ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ማዕድኑ ውስጥ ስለገባ፣ በብረትነቱ የቀረው ጥቂት ነው።

ቁጥሩ የሙቀት ታሪክ ነው። በ3 ኮንድሩል የሚባሉት ድቡልቡል ቅንጣቶች ጥርት ብለው ይታያሉ። በ6 ድንጋዩ ገና ጠፈር ላይ፣ በእናት አካሉ (ተሰብሮ በወጣበት አስትሮይድ) ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለጋለ ጠርዛቸው ከዙሪያው ጋር ተዋህዷል።

ለምሳሌ ፋያላይቱ 25 የሆነና ኮንድሩሎቹ በጭንቅ የሚለዩ ድንጋይ ኤል 6 ይባላል። ፊደሉ በልኬት ስለሚወሰን ብዙም አያከራክርም፤ 5 ነው 6 የሚለው ግን እንደ መርማሪው ዓይን ሊለያይ ይችላል። በዓይነት 3 ደግሞ ኦሊቪኑ ከቅንጣት ቅንጣት ስለሚለያይ የፋያላይት አማካይ ብቻውን አያስተማምንም።

የዝገት ደረጃው («ደብልዩ 2» የመሳሰለው) ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ምድር ላይ ከወደቀ በኋላ የደረሰበትን ብቻ ይናገራል።